ወታደር ሻምበል

እስቲ ሥራችሁን አንዴ አቁሙና ይቺን ስሙኝ። ደግሞ እስክጨርስ እንዳትስቁ። መጀመሪያው ላይ ሁሉም ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። አሁን ግን በዚህ ነገር የሚስቅ ሰው ሳይ መዳፌን ይበላኛል።

ታላቅ ወንድሜ ሻምበል ነበር። ማዕረጉ አይደለም፣ ስሙ ነው። ማዕረጉ ወታደር ነበር፣ ተራ ወታደር። ወታደር ሻምበል። ይኸው ሳቃችሁ።

እኛ አገር ገበሬ ልጁን ሻምበል ቢል፣ ባሻ ቢል፣ ፊታውራሪ ቢል ብርቅ አይደለም። ላስታ ውስጥ እርሻ ዳር ቆማችሁ "ፊታውራሪ" ብላችሁ ብትጣሩ ሦስት አራሽ ቀና ይላል። ድሃ ለልጁ የሚሰጠው ሹመት ስም ብቻ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ማንንም አያስፈቅድም። እንደዚያ ነበር የመሰለን።

አባቴ ግን ሻምበል ያለው ለሹመት ብሎ አይደለም። በፊተኛው መንግሥት ጊዜ ከገበያ ታፍሶ ዘምቶ ነበር። ጭኑን ተመትቶ ገደል ሥር ወደቀ። ጓደኞቹ ጥለውት ሲያፈገፍጉ አንድ ሻምበል ተመልሶ መጣና በጀርባው አዘለው፤ ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተሸክሞ አወጣው። አባቴን መኪና ላይ ሲጭኑት ሻምበሉ ወደ ጦሩ ተመለሰ፣ ሁለተኛም አልተያዩም። አባቴ የሰውዬውን ስም አልጠየቀም። ሰው ሁሉ "ሻምበል" ሲለው ነው የሰማ። አገሩ ገብቶ ወንድ ልጅ ሲወለድለት በዚያ ሰው ሊጠራው ፈለገ፤ ስሙን ስለማያውቀው በማዕረጉ ጠራው። ነገሩ ይኼው ነው፣ ሌላ የለውም።

ወንድሜ በስሙ ተቀልዶበት አይከፋውም፤ እንዲያውም ቀድሞ የሚቀልደው ራሱ ነበር። ሁለቱን በሬዎቻችንን አስር አለቃና ሃምሳ አለቃ ብሎ ነበር የሚጠራቸው። እያረሰ "ሃምሳ አለቃ፣ መስመርህን ያዝ" ሲል ከማዶ የሚያጭዱት ሴቶች ይንፈራፈራሉ። አስር አለቃው ሲለግም ደግሞ "አንተን ነው ወደ ተራ ወታደርነት የማወርድህ" ይለዋል።

የባድሜው ጦርነት ሲነሳ ቀበሌያችን ወጣት አምጣ ተባለ። ሊቀመንበሩ ቤት ለቤት ዞረ። እኔ ገና አስራ ስድስቴ ነበር፣ እሱ ወደ ሃያው። ሄደ። አባቴ አልከለከለውም፣ አይዞህ ሂድም አላለውም። መኪናው እስከቆመበት ሸኘውና "አለቆችህን አክብር" አለው።

"አለቃማ እኔ ነኝ እንጂ አባዬ፣ ስሜን ረሳኸው እንዴ?" አለ ወንድሜ።

አባቴ ሳቀ። መኪናው ሲነሳም እየሳቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያወቅነው በደብዳቤ ነው። እናትና አባቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ብተወውም ማንበብ ማን ይከለክለኛል። ደብዳቤው ሲመጣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እኔ መሐል እቀመጣለሁ፣ እንደ ቄስ ድምፄን ጠረግ አደርጋለሁ። የወንድሜ ደብዳቤ ደግሞ ሰላምታው ሁለት መስመር አይሞላም። "እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ እዚህ የሚያስቅ ነገር ስለበዛ አታስቢ" ይላል፣ ከዚያ ወደ ሰዎቹ ይገባል።

የእሱ አስር አለቃ ሺበሺ ይባላል። ስሙ ሺ በሺ፣ የሚያዛቸው አስር፤ ከአስሩም ሁለቱ ታመው ተኝተዋል። ሃምሳ አለቃው ደግሞ ስሙ ብቻው ነው። "ሃምሳ ሰው ከኋላው ተሰልፎ ብቻው ይሉታል" ብሎ ጻፈ። የራዲዮ ሠራተኛው ወታደር ስማቸው ይባላል፤ ራዲዮኑ ተበላሽቶ ማንንም አይሰማም። ምግብ የሚያድለው አስር አለቃ ጥጋቡ ነው። "እማዬ፣ ጥጋቡ ከመጣ ወዲህ አንድ ቀን ጠግበን አናውቅም።" ጉድጓድ ቆፋሪው ወታደር ጌታሁን፣ ድስት አጣቢው ወታደር ንጉሤ። ከሁሉም ከሁሉም ሊያዋጋቸው የተሾመው ሻለቃ ታረቀኝ ነው። "በየማለዳው እሱን ሳይ ታርቀን ወደ ቤታችን የምንሄድ ይመስለኛል" ይላል።

ይኼኛው ላይ ስደርስ እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ትከታለች። ሳቅ ሲያፍናት እንደዚያ ታደርጋለች። "ታረቀኝን ድገመው" ትለኛለች፣ እደግመዋለሁ።

በሁለተኛው ደብዳቤ ግን አንድ ነገር ነበር። ለእኔ የተጻፈ ነው፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል። እንዲህ ይላል። "አንተ ደግሞ ይቺን ለብቻህ አንብባት። ስም ጥሪ ላይ 'ወታደር ሻምበል' ሲባል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አዛዣችን እውነተኛው ሻምበል ተቆጣ። 'ይኼ ስም የማን ትራፊ ነው? እዚህ አንድ ሻምበል ነው ያለው፣ እሱም እኔ ነኝ' አለ። ከዛሬ ጀምሮ ትዕዛዙ ነህ አለኝ። መዝገቡ ላይም ትዕዛዙ ተብዬ ገብቻለሁ። የአባዬን ስም አልነኩትም። መልስ ስትልክ ፖስታው ላይ ትዕዛዙ በል፣ አለዚያ አይደርሰኝም። ለአባዬ እንዳታነብለት፣ ይከፋዋል።"

ዘለልኩት። የመሰናበቻ ሰላምታውን አንብቤ አጠፍኩት። ጎረቤቱም ቤተሰቡም ያነበብኩት ደብዳቤ ሙሉ መስሏቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ በላክነው ደብዳቤ ሁሉ ፖስታው ላይ ትዕዛዙ ብዬ፣ የአባቴን ስም ከጎኑ አድርጌ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። እናቴ ፖስታውን ተቀብላ ትስመዋለች። የልጇ ስም የተጻፈበት መስሏት።

አምስተኛው ደብዳቤ መጣ፣ ስድስተኛው አልመጣም።

ጦርነቱ አለቀ ተባለ። የተመለሰው ተመለሰ። የእኛው አልመጣም፣ ሞተ ያለንም የለም። መንግሥት የሞተበትን ለመናገር አልቸኮለም። ቆመን ጠበቅን። አባቴ የበሬ ገዢ ሲመጣ "ሲመለስ በምን ሊያርስ ነው?" እያለ ይመልሰዋል። እናቴ እሱ የሚተኛበት መደብ ላይ እንግዳ እንኳ ቢመጣ አታስተኛም። እኔ ላሊበላ ወርጄ ሥራ ያዝኩ፣ ሥራ ከተባለ። ፈረንጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ ያን ጫማ መጠበቅ ነው። ከአንዱ በር ገብቶ በሌላው ከወጣ ጫማውን ተሸክሜ ዞሬ እቀድመዋለሁ። በሳምንት አንዴ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ወደ መንደር እወጣለሁ።

አንድ ሰሞን የመርዶ ወረቀት መጣ ተባለ። ከወረዳው ለየቀበሌው ስም ዝርዝር ወረደ። ሊቀመንበሩ ሽማግሌ እያስከተለ ጎህ ሳይቀድ የሰው በር ላይ ይቆማል። እኛ አገር መርዶ እንደዚያ ነው፤ ሽማግሌ ይዞ፣ ቤተሰቡ አንድ ላይ እያለ፣ ደጋፊ ዘመድ ተጠርቶ። ለአንድ ሰው መንገድ ላይ አይነገርም። ያን ሰሞን እናቴ በየማለዳው ደጃፍ ላይ ኮቴ ስትሰማ እጇ ከያዘችው ነገር ላይ ይቀራል። የእኛን በር ግን የመታ የለም።

ለምን እንዳልተመታ ልንገራችሁ። ሊቀመንበሩ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አባቴን ጠጋ አለው።

"አያ፣ ትዕዛዙ የሚባል ልጅ አለዎት እንዴ?"

"ኧረ የለኝም። የኔ ሻምበል ነው፣ ራስህ መዝግበህ የላክኸው።"

"እሱማ አውቃለሁ። የአባትዬው ስም ካንቱ ጋር ስለገጠመብኝ ነው። እንግዲያ ሞክሼዎ ነው፣ ሌላ ቀበሌ ይሆናል። እንኳን ደስ ያለዎት።"

እንኳን ደስ ያለዎት አለው። ከዚያ ወረቀቱን "በቀበሌያችን በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለም" ብሎ፣ ማህተም መትቶ ወደ ወረዳ መለሰው።

አባቴ እየሮጠ ነው ቤት የገባ። የልጁን ስም አልጠራውም፣ ለምን ይጠራዋል። "አንድ ሞክሼዬ ልጁ ሞተበት፣ እግዚአብሔር ያጽናው። የኛው ዝርዝር ውስጥ የለም" አለ። እናቴ ስለቷን አወጣች። በወሩ ጸበል ጸዲቅ ደገሰች፤ ድፎ ዳቦ፣ ጠላ፣ ቄሱ መጥተው ባረኩት። እኔም ከላሊበላ ወጥቼ ነበር። አባቴ ቆመና "ለዚያ ለማላውቀው ሞክሼዬም ጸልዩለት" አለ፣ ሰዉ አሜን አለ። ዳቦው ጥሩ ወጥቶ ነበር። ሁለት ቁራሽ በላሁ። የወንድሜን መርዶ ደስ ብሎኝ፣ በጠላ እያወራረድኩ በላሁት።

አንድ ጥያቄ ብጠይቅ አልቆ ነበር። "የልጁ ስም ማነው?" ብል። አላልኩም።

ዓመት ከምናምን አለፈ። አንድ ቀን ሁለት ፈረንጆች ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ጫማቸውን ይዤ ቆሜያለሁ። ዋሻው ጣሪያ ላይ የሚንጠባጠበው ጸበል ድንጋይ ገበታ ውስጥ እስኪጠራቀም ሰው ጀሪካኑን ይዞ ተራ ይጠብቃል። ከተራ ጠባቂው መሐል አንድ ክራንች የያዘ ሰው አለ፤ ለእግሩ ጸበል ሊጠመቅ ከፍላቂት የመጣ። ወሬኛ ነው፣ ከቦት የተቀመጠውን ሰው ያስቀዋል።

"…ሃምሳ ሰው ከኋላው ተሰልፎ ብቻው ይሉታል" አለ።

ጫማው ከእጄ ወደቀ።

"ምግብ የሚያድለን ደግሞ አስር አለቃ ጥጋቡ። እሱ ከመጣ ወዲህ…"

"አንድ ቀን ጠግበን አናውቅም" አልኩት።

ሰውዬው ዞሮ አየኝ። "የት ሰማኸው አንተ?"

"አንተስ የት ሰማኸው?"

"ጓደኛችን ነው የሚለው የነበረ። እኔ ከሱ ነው የተማርኩት፣ እንደሱ ግን አልችልበትም። ትዕዛዙ የሚባል፣ የዚሁ የላስታ ልጅ ነው። ነፍሱን ይማረውና።"

እዚያች ላይ ነው ወንድሜ የሞተብኝ። ሰው እየሳቀ።

ሰውዬው የማን ወንድም እንደሆንኩ ሲያውቅ ክራንቹን ጥሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። "መርዶ ሳይደርሳችሁ ቀርቶ ነው? እኔ እኮ እናንተን ለቅሶ ልደርስ ጭምር ነበር የመጣሁ፣ ትዕዛዙ ብዬ ብጠይቅ የሚያውቀው ጠፋ" አለኝ። የሞተበትን ቦታና አሟሟቱን ነገረኝ። ያን እዚህ አልጽፈውም። አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ ቁስለኛ ሊያወጣ ተመልሶ ገብቶ ነው። ያወጣው ደግሞ ይኼን ባለ ክራንች ነው።

ከዚያ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ። መምሬ ሰምተው መስቀላቸውን ያዟዙሩ ጀመር።

"እናትና አባትህ እንዳይሰሙ" አሉኝ። "መርዶ በወጉ ነው። መጀመሪያ ወረዳ ሂድና አረጋግጥ፣ የዚህ ሰውዬ ቃል ብቻ በቂ አይዶለም። ከዚያ እኔ ሽማግሌ እይዛለሁ።"

"እሺ አባቴ። አንቱ እንዳሉ።"

ወረዳ ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ነገሩን ገና ስጀምርለት ሳቀ።

"ወታደር ሻምበል? እየቀለድክ ነው?"

"አዎ፣ ለቀልድ ነው ሁለት ሰዓት በእግሬ የመጣሁት" አልኩት።

መዝገቡን ገለጠ። "ሻምበል ብሎ የዘመተ አለ። ሻምበል ብሎ የሞተ የለም። ሻምበል ብሎ የተመለሰም የለም። አልሞተም፣ አልተመለሰም፤ እንግዲህ ከድቷል ነው የሚባለው።"

"ማን ነው የከዳው?"

"ወንድምህ ነዋ።"

ጠረጴዛው ባይኖር ዛሬ ይኼን የምጽፈው እስር ቤት ሆኜ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ሁለተኛውን ስም ነገርኩት። ሌላ ፋይል አወጣ። ወረቀቱ እዚያው አለ፤ ወታደር ትዕዛዙ፣ ከጎኑ የአባቴ ስም፣ ከጎኑ የአያቴ ስም፣ የቀበሌያችን ስም፣ ከላይ "ባለቤቱ ያልተገኘ" የሚል ጽሑፍ። ትክክለኛው ቀበሌ ተጽፎበት፣ ትክክለኛው አያት ተጽፎበት። በሁለት ፋይል መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። ማንም እጁን አልዘረጋም።

"ቀላል ነው፣ አባትህ መጥቶ ይፈርምና እናስተካክለዋለን" አለኝ ልጁ።

"አባቴ ገና አልተረዳም። መጀመሪያ በሽማግሌ መርዶው ይነገረዋል፣ ከሦስት ቀን በኋላ እናመጣዋለን" አልኩት። እሺ አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እሺ ብሎኛል።

በማግስቱ ሚሊሻ ላከ። አባቴ ከገብስ ማሳው እየተመለሰ ነበር። ሚሊሻው መንገድ ላይ አግኝቶት "ወረዳ ይፈለጋሉ፣ የሞተው ልጅዎን ወረቀት እንዲፈርሙ" አለው። አባቴ መርዶውን ብቻውን፣ ቆሞ፣ መሣሪያ ከያዘ ሰው አፍ ሰማ። የሚይዘው ሰው አጠገቡ ሳይኖር። መምሬና ሽማግሌዎቹ በዚያው ሰዓት መምሬ ቤት ከእኔ ጋር ተቀምጠው ነገ ማን በር ያንኳኳ፣ ማን እናቴን ይያዝ እያሉ ይመክሩ ነበር።

አባቴ ግን አልወደቀም። ቤት ገብቶም ለእናቴ ምንም አላላት። እኔን ጠራኝና "ተከተለኝ" አለኝ። መንገዱን በሙሉ እኔ ነኝ የተናገርኩ። የዘለልኳትን ነገር ነገርኩት። አንገቱን እንኳ አላዞረም።

ወረዳው ቢሮ ገባን። የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰው ልጅ ወረቀት አቀረበ፣ የማህተም ቀለሙን ከፈተ።

"አባት፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ።"

"ምን ይላል?" አለ አባቴ።

"ፎርም ነው። የሚለው፣ ወታደር ትዕዛዙ የሚባለው ልጄ መሆኑን…"

"እሺ። ሌላስ?"

ልጁ ትንሽ ተንተባተበ። "በመዝገብ ሻምበል በሚል ስም የሰፈረው በስህተት በመሆኑ፣ በዚህ ስም የሚጠራ ልጅ የሌለኝ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።"

አባቴ ወረቀቱን ተቀበለው። ማንበብ አይችልም፤ ግን አየው፣ ላይ ታቹን አየው።

"ሻምበል የሚባል ልጅ የለኝም ልበል?"

"ለወረቀቱ ነው አባት። ሁለት ስም ስለሆነ አንዱ መሰረዝ አለበት። የሠራዊቱን መሰረዝ አንችልም፣ ያንቱን ነው የምንችል።"

"እኔ ልጄን ለመሰረዝ አይዶለም የመጣሁ።"

"ካልፈረሙ የሞት ማስረጃ አይወጣም። እዚህ እንደከዳ ሆኖ ይቀራል። ሰው ይኼን ቢሰማ ለርስዎም ጥሩ አይደለም።"

እኔ አፌን ልከፍት ስል አባቴ በእጁ አቆመኝ። ከዚያ በዝግታ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሆኖ ያንን ሻምበል ነገረው። ገደሉን፣ ጭኑን፣ ከረፋድ እስከ ፀሐይ ማዘቅዘቂያ ያለውን መንገድ። ልጁ ሰዓቱን አየ። "የደርግ ሻምበል ነው?" አለ።

"ሰውዬው ሲያዝለኝ ስሜን አልጠየቀኝም" አለ አባቴ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ጣቱን ሳያሳርፍበት። ወጣን።

እናቴን በማግስቱ ማለዳ መምሬና ሽማግሌዎቹ አረዷት። በወጉ። ስለዚያ ምንም አልጽፍም።

ሊቀመንበሩ "ማስረጃ የሌለው ልቅሶ አይደረግም፣ ሕዝብ ይደናገራል" ብሎ ሰው ላከ። የሰማው የለም። ከሦስት መንደር ሰው መጣ። ያ ከፍላቂት የመጣውም በክራንቹ ዳገቱን ወጥቶ መጣ። በሁለተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ራሱ ነጠላ ዘቅዝቆ ገባና ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀመጠ። እኔ ፊት ለፊቱ ሄጄ ቆምኩ።

"የማንን ልቅሶ ነው የመጣህ ሊቀመንበር? የትዕዛዙን ከሆነ በቀበሌያችን በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለም፤ ማህተም መትተህበታል። የሻምበልን ከሆነ እሱ ከድቷል። ወይስ ዛሬም እንኳን ደስ ያላችሁ ልትለን ነው?"

"ተው አንተ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ነው" አሉ አንድ ሽማግሌ።

ሊቀመንበሩ መሬት መሬት ያያል። "እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብኩ" አለ።

እሱ እንኳ አንብቧል። እኔ ነኝ ሳላነብ የቀረሁት። ይህን ያለኝ ማንም የለም፣ እናቴ እንኳ አላለችኝም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ግን አንድ ከሰዓት ደብዳቤዎቹን አውጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አምስቱም በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

"አሁን ሳትዘል አንብብልኝ" አለች።

አነበብኩ። ሺበሺን፣ ብቻውን፣ ስማቸውን። ጥጋቡ ላይ ስደርስ ነጠላዋ ወደ አፏ ሄዶ ከመንገድ ተመለሰ። ያቺንም ደቃቅ ጽሑፍ ሳልዘል ጨረስኳት።

"ትዕዛዙ ብለው ሲጠሩት አቤት ይል ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

ፍላቂት ድረስ ሄጄ ያን ባለ ክራንች ጠየቅሁት። "እኔ የደረስኩት ስሙ ከተቀየረ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ መጀመሪያ አይሰማም ነበር" አለኝ። "ሦስት አራት ጊዜ ተጠርቶ ነው የሚዞር። ለሱም ሻምበሉ ይቀጣው ነበር፤ ድንጋይ አሸክሞ ተራራ ያስወጣዋል። በኋላ ለመደ።" ለእናቴ በኋላ ለመደ የምትለዋን ብቻ ነገርኳት። አያችሁ፣ አሁንም ዘለልኩ።

ያ ወረቀት እስከ ዛሬ አልተፈረመም። ወረዳው ቢሮ ብትሄዱ ሁለት ፋይል ነው፤ አንዱ ቤተሰብ የሌለው ሟች፣ አንዱ ቤተሰብ ያለው ከሐዲ። አባቴ በየዓመቱ ይጠራል፣ በየዓመቱ ይሄዳል፣ ያንኑ ፎርም ያነቡለታል፣ ያንኑ መልስ ይመልሳል። ባለፈው የሄደ ጊዜ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው። እሱም ስሙን ሰምቶ ሳቀ።

እንግዲህ እናንተን ነው የምጠይቅ። አንተን፣ በየማለዳው ስታስጠራ አንድ ተራ ወታደር በስምህ መጠራቱ ያንገበገበህን ሻምበል። አንተን፣ ማህተም መትተህ የመለስከውን። አንተን፣ መርዶን በሚሊሻ የላክኸውን። ከናንተም በላይ ያላችሁትን፣ ልጁን ለመውሰድ ቤታችንን ያወቃችሁትን፣ ሞቱን ለመናገር ግን ቤታችን የጠፋባችሁን። በዚያ ሁሉ ጦር ውስጥ ሻምበል የሚባል አንድ ወታደር ቢኖር ኖሮ ከናንተ ማዕረግ ላይ ምን ይጎድል ነበር?